ሳይጠየቅ የተቆረጠ ጀልባ

ባሕር በሌለበት ሸዋ ሮቢት ጀልባ የሚሠራ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? አናጢው ኑዕማን ግን በስተርጅና ሊሠራ ተነሣ። በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ጀልባ ይጠግን ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ከነሚስቱ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ተወለደበት ቆላ ተመለሰ፤ «ትሄዳለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በርና መስኮት ሲሠራ ሸበተ። እሱንም ቢሆን ደንበኛው በመረጠው ልክ ነው።

አሁን ያማረው ካታማራን የሚሉት ጀልባ ነው፤ ሁለት ቀጫጭን፣ ታንኳ መሰል ቀፎ ጎን ለጎን ሆኖ በመሐሉ ወለል የሚዘረጋለት፣ በሸራ የሚሄድ። ሠርቶ ወሎ፣ ሐይቅ ድረስ ሊወስደው ነው። ጉልበቱ ሳይከዳው አንድ ቀን እንኳ ነፋስ ይዞት እንዲሄድ ፈልጓል። የአሰብ ጓደኛው፣ በያጁ ደረጄ፣ አብሮት ተነሣ፤ ለቀፎው የሚሆነውን ኮምፔርሳቶም ተዋጥተው ገዙ።

ጣጣው ምርጫው ላይ ነበር። ከስልክ አውርደው ያሳተሟቸው ንድፎች ሁለት ናቸው። ትንሹ ቀፎዎቹ በገመድ የሚታሰሩ፣ ፈታተው አይሱዙ ላይ የሚጭኑት ነው። ትልቁ በብሎን የሚጠብቅ፣ ሰው የሚተኛበት ጠለላ ያለው። ኑዕማን ሁለቱንም ግድግዳ ላይ ለጥፎ ወራት አሳለፈ። ጠዋት ትንሹ ያምረዋል፣ ማታ ትልቁ። የማሾ ነጋዴዋ ፈይሩዝ በደጁ ባለፈች ቁጥር፣ «ጋሼ ኑዕማን፣ ባሕሩንስ መቼ ያስመጡልናል?» ትለዋለች። እሱ ግን አልቸኮለም። ዕድሜ ልኩን ሌላው የወሰነለትን ለኖረ ሰው ማመንታትም ሀብት ነው፤ ማንም ያልነካበት ብቸኛ ሀብት።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ፣ አቧራ የቀላቀለ ነፋስ መንገድ ዳር የተከመረ ሽንኩርት የለበሰውን ሸራ ሲያንፈራግጠው ቆሞ አየ። በገመድ ላላ ብሎ የታሰረው ወገን ከነፋሱ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል። በሚስማር የተቸነከረው ወገን ተተረተረ።

«ትንሹ ነው» አለ ለራሱ። ደረቱ ቀለለው። እርምጃውን አፈጠነ።

ግቢው ሲገባ ሰጋቱራ እግሩን ዋጠው። ደረጄ መጋዙን እንደያዘ ላቡን ይጠርጋል።

«ገላገልኩህ! ትንሹን ቆረጥኩት።»

«ማን ቁረጥ አለህ?»

«አንተን ስጠብቅ ልሙት? አንተ እኮ እንኳን ጀልባ፣ ካልሲም መርጠህ አታውቅም!»

ሚስቱ ዓሊያ ከጓዳ ብቅ ብላ ሳቀች። የኑዕማን ጆሮ ጋለ። ወደቡም፣ የጭነት መኪናውም፣ ያ ሁሉ በርና መስኮትም ባንዴ ተነሣበት።

«ጠይቀኝ» አለ።

«ምኑን?»

«‹ኑዕማን፣ የትኛውን መረጥክ?› በለኝ።»

«ተቆርጦ ካለቀ በኋላ?»

«ጠይቀኝ አልኩህ! ወላሂ፣ ሳትጠይቀኝ ከዚህ ግቢ አትወጣም!»

ደረጄ እንደ ሆቴል አስተናጋጅ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጎንበስ አለ። «እሺ ጌታዬ፣ የትኛውን መረጡ?»

እውነቱ ትንሹ ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ትንሹ አሁን የደረጄ ሆኗል፤ «ትንሹን» ቢል መምረጡ ቀርቶ እሺ ማለት ሊሆንበት ነው። እሺ ማለት ደግሞ ሰልችቶታል።

«ትልቁን!»

ደረጄ ቀና አለ። «በየት በኩል ልታወጣው? በሩን አይተኸዋል?»

«አጥሩን አፍርሼ።»

«እንጨቱስ? ቆርጬዋለሁ እኮ!»

«ቆርጠኸዋል! እሱን አይደል የምልህ?»

ደረጄ መጋዙን አነሣ። «ለካ ይህን ሁሉ ወር ስትመርጥ የከረምከው ጠብ ነው» ብሎ ወጣ። በሩንም አልዘጋው።

«እውነት ትልቁን ነው የፈለግከው?» አለች ዓሊያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኑዕማን ከተቆረጠው ሁለቱን አንሥቶ አጋጠማቸው። ጠርዝ ከጠርዝ ልክክ አለ። ጉብጠቱ ራሱ ኑዕማን ቢቆርጠው ከዚህ አያምርም። ይህ ደግሞ ይብስ አናደደው። እንጨቱን ወርውሮ ዶማውን አነሣና የአጥሩን ብሎኬት መታው። ንቅንቅ አላለም። ክንዱ ዛለ።

«ኧረ ያረህማን! አንተ ሰውዬ፣ ተው!» አለች ዓሊያ።

እንደገና መታው።