ንጹሕ ናት የተባለችው ባዝራ

በቤቴ ውሸት አይፈቀድም። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ሦስቱም ዋሽተው ተቀጥተዋል። ብርጭቆ በመስበር ወይም በፈተና በመውደቅ ግን አንዳቸውም አልተቀጡም። «የሰበረ ይናገር፤ የተናገረ አይቀጣም» የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለሃያ ዓመት የጣስኩትም እኔ ነኝ።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ጎማ እነፋለሁ፣ የተበሳ እለጥፋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ከጋዜጣና ከአሮጌ መጻሕፍት ራሴን አስተማርኩ። ኮምፕሬሰሩ አየር እስኪሞላ ድረስ አንድ ገጽ ይነበባል፤ በዚህ ዓይነት ብዙ መጽሐፍ ጨርሻለሁ።

ሁለተኛዋ ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በእናቷ ስልክ ላይ አንድ ጌም ጀመረች። ሰፈራችን ውስጥ በስልክ ቁማር ደመወዙን የጨረሰ ጎረምሳ ስላየሁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን አስቀምጬ መረመርኳት።

«ቁማር ነው?»

«አይደለም አባዬ። ፈረስ ማርባት ነው።»

«ፈረሱ የት አለ?»

«የለም። ስልኩ ውስጥ ነው።»

«የሌለ ፈረስ ምን ይበላል?»

ታላቅ ወንድሟ ከሶፋው ላይ «የሌለ ገብስ» አለ። ትንሹ ልጄ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወጣ።

እሷ ግን ቁም ነገር አድርጋ አስረዳችኝ። ባዝራና ድንጉላ፣ ማለትም ሴትና ወንድ ፈረስ፣ ይመረጣሉ፤ ይዳቀላሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ውርንጭላ ይወለዳል። ውርንጭላው መልኩን፣ ፍጥነቱንና ጤናውን ከወላጆቹና ከአያቶቹ ይወርሳል። የምትገበያየው በሌላ አገር ካሉ ተጫዋቾች ጋር ነው። ገንዘብ የለበትም። ዋናው ሥራ የዘር ሐረጉን እስከ አምስትና ስድስት ትውልድ እየቆጠሩ ማወቅ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳይጠፋባት ሁሉንም በሰማያዊ ደብተር ትመዘግባለች። ትዕግሥት ያስተምራል ብዬ ከጥናት በኋላ አንድ ሰዓት ፈቀድኩላት።

እውነቱን ልናገርና እኔም ወደድኩት። ማታ አጠገቧ ተቀምጬ የፈረስ መልክ አስተማርኳት። ቀይ ቡኒውን ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለውን ቦራ፣ ነጩን አምባላይ፣ ጥቁሩን ጉራቻ እንደሚሉት ነገርኳት። «ጎሚስታ ይሄን ከየት ያውቃል?» አለችኝ። «ከሰው ሰምቼ ነው» አልኳት።

የሰማሁት ከእናቴ ነበር።

እናቴ በሕይወት አለች። ልጆቼ ግን ሞታለች ተብለው ነው ያደጉት፤ እንዲያ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እናቴን በልጅነቷ ሥጋ ደዌ ያዛት። ሁለት ወንድሞቿ በዳማ ፈረስ ጭነው ከገጠር ዘነበወርቅ ሐኪም ቤት አመጧትና አጥሩ ሥር አስቀመጧት። «ፈረሱን ውኃ አጠጥተን እንመጣለን» ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ይህን ስታወራ ወንድሞቿን ብዙም አታነሳም። የምታነሳው ፈረሱን ነው፤ አካሄዱን፣ ጆሮውን፣ ግንባሩ ላይ የነበረችውን ነጭ። በሽታው እኔ ከመወለዴ በፊት በመድኃኒት ድኗል፤ ጣቶቿንና የአንድ እግሯን ግማሽ ግን ወስዶባታል። እዚያው ሰፈር ጓሮዋ ጎመን እያለማች እየሸጠች አሳደገችኝ።

ላገባ ሽማግሌ ስልክ ዘሬ ተጠየቀ። እናቴን በወባ ገደልኳት። በሽታው ከዘር እንደማይወርድ፣ የታከመ ሰውም እንደማያስተላልፍ አንብቤ አውቅ ነበር። ጎረቤቴ ግን አያውቅም። እያወቅሁ ለጎረቤቴ አለማወቅ ተገዛሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ አለቀሰች፤ በሳምንቱ ገንፎ ይዛ እናቴ ዘንድ ሄደች። ከዚያ ወዲህ «ልጆቹ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙ ንገራቸው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ተድረው ይውጡና» እላታለሁ። እሑድ እሑድ «የታመመ ሰው ልጠይቅ» ብዬ እወጣለሁ። ለደግ ሥራ የሚወጣን አባት ማንም የት ትሄዳለህ አይለውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብዕር ፍለጋ የልጄን ጠረጴዛ ስነካካ ሰማያዊው ደብተር ተከፍቶ አገኘሁት። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከላይ ምንም ርእስ ሳይኖረው፣ እንዲህ ይላል።

«አያት፦ በሽታው የነበረባት። ልጇ፦ ከላይ ሲታይ ጤነኛ፣ የሚታወቅ ነገር የለም። የልጅ ልጅ፦ ገና አልተረጋገጠም። የደበቀው እያወቀ ነው።»

ደብተሩን እንደነበረ አድርጌ አስቀመጥኩ። የሌለ ፈረስ ትዝ አላለኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ነገር በልጄ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ነው ያየሁት።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ልጄ ምግቡን እየነካካች «አባዬ፣ አንድ በሽታ ከአያት ተነሥቶ ልጅን ዘሎ የልጅ ልጅ ላይ ሊወጣ ይችላል?» አለችኝ። የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ውኃ አቀበለችኝ። «ለሳይንስ መምህርሽ አቅርቢው» አልኩ። ባለቤቴ አየችኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ልጄ ያለ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ተቀምጣ አየሁ፤ ስትዞር ሌላ ሆነች። እንዲያም ሆኖ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ያን ያህል ዘመን በሄድኩበት መንገድ ላይ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን ተጠጋሁ።

እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን አንድም ነገር አያመልጠውም። «ዛሬ ምን አሳደደህ? ትንፋሽህ አልተመለሰም» አለችኝ።

«ምንም፣ እማዬ።»

«ፈረሶቿስ ስንት ደረሱ?»

ስለ ጌሙ በየሳምንቱ እነግራት ነበር። የልጅ ልጆቿን በወሬ ታውቃቸዋለች። መጥተው የማይጠይቋት ትምህርት በዝቶባቸው ይመስላታል፤ እንዲያ ብዬአታለሁ። ይኼም ሌላ ውሸት ነው። አንዱ ውሸት ሌላውን ይወልዳል፤ ልጆቼን የምገሥጽበት ንግግር ነው፤ በራሴ ላይ ግን ተናግሬው አላውቅም።

ማክሰኞ ልጄ ግማሽ ቀን ተምራ ምሳዬን ይዛልኝ መጣች። ከአንድ ሚኒባስ የብረት ቸርኬ ላይ ጎማ እያወጣሁ ነበር። ምሳ ዕቃውን አስቀምጣ አልሄደችም። ቆመች። ልትናገር ነው አልኩና እኔ ቀደምኳት፤ ፍርሃት ሰውን ያስቸኩላል።

«ደብተርሽን አየሁት።»

«የቱን?»

«ሰማያዊውን። የመጨረሻውን ገጽ።»

ዓይኗን ሰበረች። «ልነግርዎት ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ነው።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት። መጀመሪያ ልጁ ላይ ጠረጠርኩና ወደ ኋላ ሄድኩ።»

እጄን አየሁት፤ ጥቁር የጎማ ቅባት ነበረበት እንጂ ደህና ነበር።

«ታዲያ ምን አሰብሽ?» አልኳት።

«ተናደድኩ፣ አባዬ። በሽታው አይደለም ያናደደኝ። በሽታ ማንም ላይ ይመጣል። እያወቀ ንጹሕ ናት ማለቱ ነው።»

ጎማው ላይ ተቀመጥኩ። «ለራሴ ብዬ አይደለም» አልኩ። «ለእናንተ ብዬ ነው። ሰው ከእናንተ እንዳይሸሽ። እናቴ አልሞተችም። ዘነበወርቅ ናት። ጣቶቿን ሥጋ ደዌ ወስዶባታል። በየእሑዱ የምጠይቀው ሰው እሷ ናት።»

ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል። ልጄ ጠጋ አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «አባዬ፣ እኔ ስለ ባዝራዋ ነው የማወራው» አለችኝ።

አንድ ተጫዋች ንጹሕ ናት ብሎ ባዝራ ሰጥቷት ኖሯል። ውርንጭላው ሲያድግ እግሩ ይደክም ጀመር። የዘር ሐረጉን ወደ ላይ ስትከተል በሽታው በባዝራዋ እናት፣ በውርንጭላው አያት ላይ ተገኘ። ሰውየው ያውቅ ነበር። ይኼው ነው። እኔ ለሌለች ፈረስ ተብሎ በተጻፈ አራት መስመር ገመናዬን ዘረገፍኩት።

ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁ።

«በሕይወት አሉ?»

«አለች።»

«ሞተዋል ብለውን ነበር።»

«ብያለሁ።»

«በዘር ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም።»

«ይሄን መቼ ነው ያወቁት?»

በቅርቡ ነው ማለት እችል ነበር። ብዙ ያልተማረ ሰው ሳያውቅ ቢኖር ማን ይፈርድበታል? ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንቺ ከመወለድሽ በፊት» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ እንደማለት ሳይሆን፣ ሒሳብ እንደገባው ሰው። ከዚያ ወጣች። ታክሲ አልጠበቀችም፤ በእግሯ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት።

ቀጥለው የመጡት ቀናት በሕይወቴ ከፈራኋቸው ቀናት ሁሉ ይብሳሉ። ደንበኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ካወራ ስለ እኔ ነው እላለሁ። ልጄ ለወንድሞቿ አልነገረችም፤ ለጓደኞቿ ነግራ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አጠናለሁ። ለእኔ የምትለኝ «እሺ አባዬ» ብቻ ሆነ። ስልኩንም አልነካችም። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን ወሬውን አልነበረም። ሰው የሆነ ነገር ላይ ዳኛ ሆኖ ሃያ ዓመት ከተቀመጠ በኋላ የተከሳሹ ወንበር ባዶ መሆኑን ሲያይ፣ ያ ወንበር የማን እንደሆነ ያውቃል።

ቅዳሜ ማታ ሳህን እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታኝ «ነገ እኔም እሄዳለሁ» አለች። ፈቃድ መጠየቋ አልነበረም።

እሑድ በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ የማስበው ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ስለ እናቴ እጅ። እናቴ እጇን ስትዘረጋላት ልጄ ምን ታደርጋለች? ብትሸሽ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሰው የሚደበቅ ነገር የሚያስፈራ ነገር መሆኑን ከአባቱ ይማራል።

እናቴ በሩ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። «ሁለት ሰው ነው የሚራመደው» አለች ገና ሳንደርስ። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

ልጄ ቆመች። አንዲት ትንፋሽ ያህል ናት፤ ግን ቆጠርኳት። እናቴም ቆጠረቻት፤ የዘረጋችውን እጅ ቀስ ብላ ወደ ነጠላዋ መለሰችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችው ነው። ያን ጊዜ ልጄ አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና የእናቴን እጅ ነጠላው ውስጥ ፈልጋ ያዘችው።

«ባለ ፈረሷ ነሽ?» አለች እናቴ።

«አዎ። ማን ነገረዎት?»

«በየሳምንቱ ይነገረኛል። ትምህርቱ እንደምን ለቀቀሽ?»

ልጄ ወደ እኔ ተመለከተች። ልትከልለኝ ትችል ነበር። «ትምህርት አይደለም» አለች። «ሞተዋል ብለውን ነው።»

ጎረቤት ግቢ ዶሮ ይጮኻል። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «በምን ሞትኩ አልካቸው?»

«በወባ።»

«ወባ ጥሩ ነው» አለች። «ከወባ ሰው አይሸሽም።»

ሌላ አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ከልጄ ጋር ግን ስለ ፈረስ ማውራት ጀመሩ፤ ያቺ ንጹሕ ናት የተባለች ባዝራ መልኳ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ዳማ ናት። ቦራ።»

«ዳማ ማለትን ማን አስተማረሽ?»

«አባዬ።»

እናቴ በደከመ ዓይኗ ወደ ተቀመጥኩበት አቅጣጫ አየች። «ታዲያ ባዝራዋን ምን አደረግሻት? ሸጥሻት?»

«አልሸጥኳትም። ሌሎቹ ተጫዋቾች እንዲህ ያለችውን ይለቋታል፤ እኔ አላዳቅላትም እንጂ እዚያው አለች። ትበላለች፣ ትሄዳለች።»

«ሸጠሻት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች እናቴ።

ስንመለስ ልጄ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ቆየች። ጦር ኃይሎችን ካለፍን በኋላ «ወንድሞቼ ዛሬ የት ነበርሽ ቢሉኝ ምን ልበል?» አለችኝ።

«የታመመ ሰው» ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርስ አቆምኩ። እሷም እንዳልጨርስ አድርጋ ነበር ያየችኝ። እስከዚያ ሰዓት ውሸቱ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልጄ ተሸክማው ልትገባ ነው፤ ዕቃው የእኔ፣ ትከሻው የእሷ።

ማዞሪያው ጋ ወርደን ወደ ቤት ሄድን። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነኝ፤ የሁለት ልጆቼን ፊት ግን ፈራሁ። በሩን ትንሹ ልጄ ከፈተልን።

«የት ነበራችሁ?» አለ።

ልጄ ወደ እኔ ተመለከተች። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ፊታችንን አየችና እጇን በሽርጧ እያደረቀች እዚያው ቆመች።

ጫማዬን አወለቅሁ። ከሚገባው በላይ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ታላቅህን ጥራው» አልኩት፤ «ስልኩን አስቀምጦ ይምጣ። ከመካከላችን አንድ ሰው ዋሽቷል።»

ትንሹ ልጄ ደንግጦ «እኔ አይደለሁም፣ አባዬ» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት፤ «ቁጭ በል።»