ባለብዙ ኪሱ ሰው

መርሳ ከተማን ይዞ የነበረው ጦር ለቆ በወጣ በሁለተኛው ወር ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣው የእርዳታ ድርጅት ባለሙያ ሰደርያው አሥራ አንድ ኪስ አለው፤ ኤደን ቆጥራዋለች። ጫማው አቧራ እንዳይነካው ድንጋይ እየመረጠ ይረግጣል። የኮምፒውተር መምህሯ ኤደን የቀሯትን ሰባት ማሽኖች፣ ዘራፊ እንኳ ለሸክም የናቃቸውን አሮጌዎች፣ አሳየችው። ማሽኖቹ ቶሎ ካልተነሱ ዓመት ሙሉ የባከኑት ተማሪዎቿ ኪቦርድ ሳይነኩ ለፈተና ሊቀመጡ ነው።

ሰውዬው ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም የተጫነባቸው ሃያ የሚያብረቀርቁ ዲቪዲዎች ዘረገፈላት። «ሙሉው ሊኑክስ ነው፤ የሌለበት ነገር የለም።»

«ጌታዬ፣ የእኛዎቹ ሲዲ እንጂ ዲቪዲ አያነቡም። በአንድ ሲዲ የሚያልቀውን፣ ሰባት መቶ ሜጋባይት የማይሞላውን ትንሹን ይስጡኝ።»

«ትንሹ እኮ ብዙ ነገር ይጎድለዋል፣ እህቴ።»

«እኛስ ምን ሞልቶልን! ኔትወርክ እንኳ የለን። የግመል ጭነት በአህያ ይጫናል እንዴ?»

ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና ከውስጠኛው ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ሲዲ አወጣ። ከመሃል ወደ ዳር ቀስ አድርጎ ወለወለው። በእጅ የተጻፈበት ቀለም ከአያያዝ ብዛት ደብዝዟል። እጁ አሮጌ ማሽን ሲያስነሳ የኖረ እጅ ነው። ኤደን ይብሱን ነደዳት። የማያውቅ ሰው ይማራል፤ ይሄ ግን እያወቀ ነው ያን ሁሉ ጥራጊ ተሸክሞ የሚዞረው!

«ታዲያ ይሄን ምን ያስደብቆታል?»

«በአሮጌ ሲዲ ሪፖርት አይደምቅም» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሲዲውን ከእጁ መንጭቃ አንዱ ማሽን ውስጥ አስገባችው። ማሽኑ እያጓራ ማንበብ ጀመረ። ሰውዬው ከኋላዋ ካሜራውን አነጣጠረ።

«እህቴ፣ ለፎቶው ከሚያብረቀርቁት ዲቪዲዎች አንዱን ያዢልኝ።»