«የለም» የሚለው ማኅተም

እናቴ ስለ ጤና መድን የሰማችው በምትኖርበት በሮቢት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የቀበሌ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ሲያስረዱ ነው። አባታችን ታሞ ሲሞት እጃችን ባዶ ስለነበር ነገሩ ልቧ ገባ። የዚያኑ ሳምንት ተመዘገበች። እሱም አልበቃትም፤ ከቤት ቤት እየዞረች «ታሞ ከመለመን ጤና ሳሉ ማዋጣት» እያለች ጎረቤቱን አስመዘገበች። እኔ ጎብዬ ከተማ ላይ ሻይ ቤት አለኝ፤ ለገበያ ስትመጣ ደንበኞቼን ሳይቀር ትሰብክ ነበር። ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳይከፍላት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን፣ ቀኝ ጎኗን ያማት ጀመር። መድኑ እንደሚያዘው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ማስታገሻ ሰጥተው መለሷት። ሲብስባት ሪፈር ጻፉላት። እኔና ታናሽ ወንድሜ ደግፈን ሆስፒታል አደረስናት። የካርድ ክፍሉ ሰው የመድን ደብተሯን አይቶ፣

«እማማ፣ እርስዎማ አባል ነዎት፤ የሚከፍሉት የለም» አላት።

እናቴ ዞር ብላ አየችን። እንደዚያ ታማ እንኳ ኩራቷ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

ሐኪሙ የሐሞት ጠጠር ጠርጥሮ አልትራሳውንድ አዘዘ። ማሽኑ ተበላሽቷል። ከግቢው ውጭ ካለ ክሊኒክ በራሳችን ገንዘብ አስነሳናት፤ ጠጠሩ ታየ። ኦፕራሲዮኑ በመድኑ ይሸፈናል ተባልን፤ ተመስገን አልን። ወዲያው ነርሷ የሚገዛ ነገር የተጻፈበት ወረቀት ይዛ መጣች፦ ማደንዘዣ፣ ጓንት፣ የስፌት ክር፣ አንቲባዮቲክ። ይዤ ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ በደንብ እንኳ ሳያነበው «የለም» የሚል ማኅተም መትቶ መለሰልኝ።

«ታዲያ መድኑ ምኑን ነው የሚሸፍነው?» አልኩት።

«ያለውን ነዋ» አለኝ።

ወንድሜ ቆቦ ገበያ ወርዶ ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቻችን አንዱን ሸጠ። ነጋዴው እንደቸገረው አውቆ ዋጋውን ሰበረበት። በገንዘቡ የታዘዘውን ከውጭ ገዛን፤ ለእናቴ ግን አልነገርናትም።

ኦፕራሲዮኑ ተሳካ፤ ይህን አልክድም፣ የሐኪሙ እጅ ይባረክ። አገግማ ቤቷ ስትገባ ግን በረቱ ውስጥ አንድ በሬ ብቻ ቆሞ አየች። ደረሰኞቹን ከእኔ ተቀብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና፣ ስፌቷ ገና ሳይጠና፣ አብረን ወደ መድን ቢሮው ሄድን። የተቀበለን ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ትሑት ወጣት ነበር። አገላብጦ አያቸውና፣

«እናቴ፣ እነዚህ ከእኛ ጋር ውል ካለው መድኃኒት ቤት የተገዙ አይደሉም። መመለስ አንችልም» አላት።

«ውል ያለው የትኛው ነው ልጄ?»

ወጣቱ አቀረቀረ። «ለጊዜው... የለም። ውሉ ገና እየታደሰ ነው።»

እናቴ ደረሰኞቹን መልሳ ቋጠረች። እኔ መንገዱን ሁሉ ስሳደብ መጣሁ፤ ማንን እንደምሰድብ ግን አላውቅም ነበር። ወጣቱን እንዳልሰድብ ምን አደረገ?

የእድሳት ወቅት ሲደርስ አንዲት ጎረቤታችን መጥታ «እትዬ፣ ዘንድሮስ እናድስ ይሆን?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔን አትጠይቂኝ» አለች እናቴ። ሴትዮዋ ቡና እንኳ ሳትባል ተመለሰች።

በአንድ በሬ አይታረስም። ወንድሜ ሌላ በሬ ለመጣመድ ለምኖ ሲያጣ መሬታችንን ምርቱን ለሚካፈል እኩል አራሽ ሰጥቶ፣ ዋጃ ከተማ ሄዶ ለሽንኩርት ቁፋሮ በቀን ሥራ ተቀጠረ። ለበዓል በመጣበት ቀን ነው እናቴ መድኗን ማደሷን የሰማው።

«ከዚያ ሁሉ በኋላ?» አላት።

«ባይኖረኝ ኖሮ ሁለቱም በሬዎች ነበር የሚሄዱት።»

እውነቷን ነው፤ አልጋውም፣ ኦፕራሲዮኑም በመድኑ ነበር። ወንድሜም ያውቃል። የቀረበለትን እንጀራ ሳይጨርስ እጁን ታጠበና፣ በዓሉ ገና ሳያልፍ፣ ወደ ዋጃ የሚሄድ መኪና ለመጠበቅ ወደ አስፋልቱ ወጣ።