የአምባሰሉ ዕርቅ ሥጋ

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና አለ ተብዬ ተጠራሁ። ርእሱ ዓለም አቀፍ ሕግ ለሰላምና ለፍትሕ ያለው ጥቅም ነበር። እንደ እኔ ያሉትን አሮጊቶች የሚጠሩት ለምርቃት ነው፤ መረቅሁና ተቀመጥሁ። አሠልጣኙ ጨዋ ወጣት ነው። መንግሥታት ስለሚገቡት ስምምነት ደህና አድርጎ አስረዳን። ከዚያ ግን፣ «አባቶቻችን ይህን ሁሉ ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ደም የተቃቡትን በጋብቻ አስተሳስረው ያስታርቁ ነበር» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔና አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ሰዓዳ አላጨበጨብንም። ምሳ ሲደርስ አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ፣ «እማማ፣ የክርስቲያኑን ነው የእስላሙን?» አለችኝ።  

ይህንኑ ጥያቄ በልጅነቴ አምባሰል ላይ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ ሰዓዳ ሐይቅ እኛ ቤት ተቀምጣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትማር ነበር። አባቷ የአምባሰል ገበሬ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የገበያ ወዳጆች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ልብስ ስናጥብ ትምህርቷን ጮክ ብላ ታጠናለች፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከታንኳቸው ላይ ሆነው ይመልሱላታል። በጥቅምት የተባበሩት መንግሥታት ቀን ሲከበር፣ አስተማሪያችን የሰብአዊ መብት መግለጫውን አንቀጾች ለየተማሪው አከፋፈለ። ለሰዓዳ የደረሳት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሚፈጸም የሚናገረው ነበር። ስታነበው ድምፅዋ እስከ መኪና መንገዱ ተሰማ። አስተማሪው ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበላት።

ከዚያ አስቀድሞ፣ ያለፈው ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ የሰዓዳ አጎት በመስኖ ውኃ ተጣልቶ የጎረቤት መንደር ሰው ገድሎ ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ፣ አበጋሮቹ ዕርቁን ጨረሱ። አበጋር የሚባሉት በወሎ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰዓዳ ለዕርቁ ትምጣ ተብሎ ተላከባት፤ እኔም አብሬያት ሄድሁ። አስተማሪያችንም የተከበረ እንግዳ ተብሎ ተጠርቷል። እስከ ውጫሌ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ወጣን። መንገዱ የደረቀ አገዳ ይሸታል። ሰዓዳ ለእናቷ ብርቱካን ይዛ ነበር፤ እየሳቀች ነው አቀበቱን የወጣችው።

እናቷ ብርቱካኑን ከእጇ ተቀብለው፣ ቀና ሳይሉ ነገሯት። ለሟቹ ወንድም ተሰጥታለች።

ወደ አስተማሪው ሮጥሁ። ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይበላ ነበር።

«ያ አንቀጽ አለ እኮ። እርስዎ ቢናገሩ ይሰሙዎታል» አልሁት።

«አስካለ፣ እሱ የመንግሥታት ጉዳይ ነው» አለኝ። «ይህ የሰው አገር ባህል ነው። ደግሞ አስቢው፣ በአንድ ጋብቻ ስንት ነፍስ ይተርፋል?»

እጁ እስከ አንጓው በቅባት ወዝቷል። ሲመልስልኝ አጥንቱን እንኳ አላስቀመጠም።

የታረደው ሁለት ሰንጋ ነበር፤ አንዱ በእስላም፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ። ድስቱ ለየብቻ፣ ጭልፋው ለየብቻ። ትልቁ አበጋር ሼህ ይመር በየእንግዳው እየዞሩ፣ «የትኛው ነው ያንተ ወንድሜ? እንዳትሳሳት» ይሉ ነበር። አገራችን በዚህ ይመሰገናል፤ እኔም አልነቅፈውም። ግን ለሰው ጉርሻ ይህን ያህል የተጠነቀቁት ሰዎች ለሰዓዳ አንዲት ጥያቄ አልነበራቸውም። ሳህን አስይዘው ያን ሥጋ ስታሳልፍ አዋሏት።

በመጨረሻ ሼሁ የሁለቱን ወገን አባቶች፣ «ቅሬታ አለ?» አሏቸው። ሁለቱም የለም አሉ።

«እኔን የጠየቀ አለ?» አለች ሰዓዳ፣ ሳህን እንደያዘች፣ አንቀጹን ባነበበችበት ድምፅ።

 ከዚያ ከሟች ወገን አንዱ፣ «ወላሂ፣ ይህ ድምፅ ደህና ነው። ከብት ሲጠፋ ትጠራልናለች» አለና ሳቁ። አስተማሪያችንም ሳቀ። ሼሁ አልሳቁም፤ ግን እሳቸውም እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፣ ሁሉም አሚን አለ። ለእኔ የቀረበልኝ ጮማ ረግቶ ነጭ ሆኗል፤ ዝንብ ወሮታል። አልነካሁትም። በማግስቱ ያለ ሰዓዳ ስንወርድ አስተማሪው እስከ ውጫሌ ድረስ ሥጋው እንዴት እንደሚጣፍጥ ሲያወራኝ ሄደ።

ደሙ ደርቋል፣ ይህን አልክድም። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መንደሮች መካከል ሰው አልተገደለም። ሰዓዳም ልጆች ወልዳ አሳደገች፤ ባሏ ሲሞት ሐይቅ ወርዳ ጎረቤቴ ሆነች። የሚያንገሸግሸኝም ይኸው ነው። ሰላሙ ባይጸና ኖሮ ነውሩ በታየ ነበር፤ ስለጸና ይጨበጨብለታል። በቴሌቪዥን የአገር መሪዎች ሲፈራረሙ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ከኋላቸው ሳህን የያዘችውን ይፈልጋል።

አስተናጋጇ መልሴን ትጠብቃለች። «ለእኔ ይቅር» አልኋት። ሰዓዳ ግን የእስላሙን አስመጣችና እጅጌዋን ሰብስባ ጎረሰች።

«ዛሬም አትበዪም አንቺ?»

«አልበላም። ላንቺስ እንዴት ይወርድልሻል?»

«ያን ቀን ሳመላልስ ውዬ መች ቀመስሁት» አለችና አሠልጣኙን በእጇ ጠራችው። «ና እስቲ ልጄ። በጋብቻ አስተሳሰሩ ያልኸው፣ ማሰሪያዋ እኔ ነኝ። ውኃ አምጣልኝ፤ ከዚያ ቁጭ በልና ጠይቀኝ።»

ውኃውን አመጣ፣ ተቀመጠም። ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ግን አላወቀም። ሰዓዳ መብላቷን ቀጠለች።