ጎኗ የረዘመችው ታምቡር

ታምቡሬን ሐሙስ ማታ ገደልኳት። በማንም አላሳብብም። ዘፋኙ "ሞቅ አድርጉት!" ሲል ሌላው ሞቅ ያደርጋል፤ እኔ ግን ማቃጠል ነው የማውቀው። ቆዳዋ ብቻ ቢተረተር ባልከፋኝ፣ ክፈፏም አብሮ ተሰነጠቀ። የባንዱ አለቃ ጸጉሩን እያበጠረ "ቅዳሜ ማታ ታምቡር ይዘህ ካልመጣህ ሌላ መቺ አለኝ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አለው። ያ ሌላው መቺ በየሳምንቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ እጄን ሲያይ ነበር የሚያመሸው። እኔ ደግሞ ያን ቦታ ለማግኘት ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ።

ዓርብ ጧት ትራምፔት ነፊ ጓደኛዬን ይዤ መርካቶ ወረድኩ። መሳለሚያ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ከሱ በላይ ብልጥ ያለ አይመስለውም።

"ስማ፣" አለኝ መንገድ ላይ፣ "የወደድከውን ዕቃ አትየው። ዓይንህን ካሳረፍክበት ዋጋው ይሰቀላል።"

ምን አለሽ ተራ ውስጥ ስንዞር ቆይተን፣ ከምድጃና ከቡሎን ክምር ጀርባ አየኋት። የነሐስ ታምቡር ናት፣ ከሥሯ ሽቦ የተወጠረባት። ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ናት! የሌላው ታምቡር ጎን አንድ ስንዝር አይሞላም፤ የሷ ስንዝር ተኩል ያልፋል። አፏ ደግሞ ጠበብ ያለ ነው። ሻጯ ጥቁር የለበሱ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ሳንጠይቃቸው "ሠላሳ ብር" አሉ።

"እትዬ፣ ይቺ እኮ የጤፍ መስፈሪያ ናት!" አለ ጓደኛዬ። "ስምንት ብር!"

እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። ታምቡር ጨርቅ አይደለም ዳስሰህ የምትገዛው፤ መምታት ግድ ነው። አሳምሬ ብመታት ሰው ይሰበሰባል፣ ዋጋዋም ሰማይ ይወጣል። አበላሽቼ ብመታት ደግሞ ድምጿን በምን ልወቅ? ጓደኛዬ እግሬን ረገጠኝ። በትሮቼን ከኪሴ አውጥቼ፣ ሽቦዋን እንደላላ ትቼ፣ አንዱን እጄን ከሌላው እያጣላሁ መታኋት። ኧረ እንዲያውም ተጠበብኩበት! ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚሯሯጡ ድመቶች ከኔ ይሻሉ ነበር።

"ይኸው፣ ድምፅ የላትም" አልኩ ከንፈሬን እየመጠጥኩ።

ሴትየዋ ብድግ አሉና ታምቡሯን ከጉልበቴ ላይ አንስተው ከጀርባቸው አኖሯት።

"አልሸጥም።"

"እንዴ፣ እትዬ!"

"የሟቹ ባለቤቴ ናት። ነሐሷን ላቅልጠው ያለኝን ሁሉ እምቢ ያልኩት ለሚመታት ብዬ ነው። አንተ ደግሞ ልጄ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።"

አጠገባችን ምድጃ የሚቀጠቅጡት ሰዎች ሳቁብኝ። ጆሮዬ ጋለ። ቅዳሜ ነገ ነው፤ ተራውን ዞረን ጨርሰናል፤ ሌላ ታምቡር የለም። በዚያ ላይ እኔ ግልፍተኛ ነኝ። ሌባ በሉኝ እችላለሁ፣ መምታት አይችልም ስባል ግን አልችልም።

"እችላለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት!"

"ምን ቆርጦህ ሆን ብለህ ታበላሻለህ?"

"ዋጋ ለማስቀነስ ነዋ!"

ጓደኛዬ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። እሳቸው ግን ትክ ብለው አዩኝና "እስቲ ምታት" ብለው ታምቡሯን መለሱልኝ።

ሽቦዋን አጠበቅሁ። ቆዳዋን ዙሪያውን መታ መታ እያደረግሁ የላላውን ወጠርኩና ምቱን ለቀቅሁት። ወይ ጉድ! ከጠባቡ አፏ ጥርት ያለ፣ ከረጅሙ ጎኗ ደግሞ ከሆድ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ አንድ ላይ መጣ። የዋጋውን ነገር እርግፍ አድርጌ ረሳሁት። አንድ ኩሊ ጆንያውን እንደተሸከመ ቆሞ ትከሻውን ይሰብቅ ጀመር፤ ምድጃ ቀጥቃጮቹም በመዶሻ ተከተሉኝ።

"ጃንሆይ ይሙቱ፣ እንዲህ ያለች ነክቼ አላውቅም!" አልኩ። ጓደኛዬ ተስፋ ቆርጦ ቁጭ አለ።

ስጨርስ ሴትየዋ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

"ይኼን ነበር እንዴ ሲመታ የኖረው?" አሉ። ባለቤታቸው የሚሠራው ጭፈራ ቤት ነበር፤ እዚያ ደግሞ ሚስቱን አያስገባትም ነበር። ቤት ሲለማመድ ጎረቤት እንዳይረብሽ በጋቢ ሸፍኖ ነበር የሚመታት። ይህን ነገሩኝና እንባቸውን ጠርገው "በል፣ ስምንት ብርህን አምጣና ውሰዳት" አሉኝ።

የጓደኛዬ እጅ ኪሴ ውስጥ ገብቷል። እኔ ግን አፈርኩ።

"እትዬ፣ ስምንት ብር ነውር ነው" አልኩ። "ሠላሳም ያንሳታል። ዋጋዋን ሳያውቁ አልወስድብዎትም።"

"ዋጋዋንማ አውቃለሁ" አሉ። "ሲገዛት የሁለት ወር ደሞዙን ከፍሎባት፣ ሳምንት ሙሉ ተኳርፈንባታል። ድምጿን ነው ያላወቅሁት። በል፣ ድገምልኝ።"