የእህቴን ሻሽ ያሰርኩበት ዓመት

በአንድ ዓመት የምታንሰኝ እህቴ ጣሂራ በ1967 ዓ.ም. ድርቅ ሚኤሶ ላይ ሞተች። እኔ፣ ወንድሟ በክሪ፣ ግን ከሞተች በኋላ አራት ወር አኖርኳት።

አባታችን የቀሩትን ከብቶች ይዞ ወደ ቦርደዴ እንደሄደ አልተመለሰም። በባቡር ጣቢያው ግቢ የዕርዳታ ስንዴ በጣሳ የሚሰፈረው በሰው ቁጥር ነበር፤ ልጅ ራሱ ካልቀረበ ድርሻው ይቀራል። ጣሂራን ጎረቤታችን ዓሊዩ ጎህ ሲቀድ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በዝምታ ቀበራት። እናቴ አላለቀሰችም። ለቅሶ ከተሰማ ስሟ ይሰረዛል፤ ስሟ ከተሰረዘ እናቴ የምትበላው ያንሳል፤ ጡት የሚጠባው ወንድሜ አብራርም እህቱን ይከተላል። የጣሂራን ሻሽ አነሳችና እኔ ራስ ላይ አሰረችው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በወንዶቹ ሰልፍ በክሪ ሆኜ እቀበላለሁ፤ ከጣቢያው ጀርባ ቀሚስ አጥልቄ፣ ሻሹን አስሬ፣ በሴቶቹ ሰልፍ ጣሂራ ሆኜ እመለሳለሁ። ያን የመሰለ አስቀያሚ ልጃገረድ ሚኤሶ አይታ አታውቅም። ሴቶቹ ያውቁ ነበር፤ አንዳቸውም ምስጢሩን አላወጡም። ኢንሳፍ የምትባል ጎረቤታችን ብቻ ጠጋ ብላ፣ «ጣሂራ፣ ጢም ሳታበቅዪ ዝናቡ በጣለልን» ትለኝ ነበር። ሳቄ እንዳያጋልጠኝ የሻሹን ጫፍ እነክሳለሁ። ሻሹ እሷን እሷን ይሸታል።

ዝናቡ ጣለ። የማሽላው እሸት ሲደርስ እናቴ እጄን ይዛ መዝገብ ያዡ አቶ ቶላ ፊት ቆመች።

«የጣሂራን ስም ይሰርዙልኝ» አለች። «ሞታለች።»

አቶ ቶላ ከመዝገቡ ቀና አላሉም።

«አውቃለሁ፣ እናቴ። ሐዲዱ ዳር ቆማ ስትሸና ያየኋት በመጀመሪያው ሳምንት ነው።»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አራት ወር ያቆየችውን ሁሉ አለቀሰች። ሴቶቹ ጣሳቸውን አስቀምጠው ከበቧት፤ ለቅሶውን እዚያው፣ በስንዴው ክምር አጠገብ ተቀመጡላት።

አብራር ዛሬ ጭሮ ውስጥ የልጅ ልጆች አሉት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ያለ አስተማሪ ነው፤ ይህንንም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ልጆቹ፣ «ከዚያ ዘመን ዋናው ትምህርት ምን ነበር?» ሲሉኝ፣ «ሰው የሞተበትን በጊዜው ማልቀስ መቻሉ» እላቸዋለሁ። «እኛ አራት ወር ዘገየን።»