ለአርብ ክፍለ ጊዜ የተጻፉ አርባ ካርዶች

የትምህርት ቤታችንን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሁላችንም «እትዬ ካርድ» እንላቸዋለን። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መጽሐፍ በገባ ቁጥር አንዲት ካርድ ይጽፉለታል፤ ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ልማዱ አልለቀቃቸውም።

የታሪክ መምህሩ ስለ ኑክሌር ዘመን ሊያስተምር ሲያስብ ወደ እሳቸው ሄደ። የመማሪያ መጽሐፉ ስለ አቶሚክ ቦምብ ያለው አራት መስመር ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ልጆቹ ከቦምቡ የተረፉትን ሰዎች በገዛ ድምፃቸው እንዲሰሟቸው ፈልጌ ነበር። ለአርብ ይድረሱልኝ። ከዚያ በኋላ ፈተና ነው፣ ሌላ ክፍለ ጊዜ የለኝም።»

«አይዞህ ልጄ፣ ከመሬት ሥርም ቢሆን ፈልጌ አወጣዋለሁ።»

እውነትም አወጡት። በነጻ የሚከፈት አንድ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት አገኙ፤ የተረፉት ሰዎች ቃል፣ ቦምብ የተሞከረባቸው ቦታዎች ካርታ፣ ለሙከራው ሲባል ከደሴታቸው የተነሡ ቤተሰቦች ፎቶግራፍ ሞልቶበታል። ያ ሁሉ እሳትና አመድ በዚያች ጠባብ የቤተ መጻሕፍታችን ክፍል፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ስክሪን ላይ፣ እንዲያ ጸጥ ብሎ መቀመጡ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። እትዬ ሦስት ቀን አቀርቅረው ለእያንዳንዱ ካርድ ጻፉለት፤ አድራሻ፣ ርዕስ፣ ርዝመት፣ ሁለት መስመር መግለጫ። አርባ ካርድ ሞላ። ወደ ኮምፒውተሩ ግን አንዱንም አላወረዱም። መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር ሲፈልጉት ይገኛል፤ እድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት እንዲያ ነው።

አርብ ዕለት እትዬ ካርዶቻቸውን ይዘው ክፍላችን መጡ። መምህሩ የመጀመሪያውን አድራሻ ሲጽፍ ፕሮጀክተሩ በሚያበራበት ግድግዳ ላይ አንዲት መስመር ወጣች፤ «ይህ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎቱን አቋርጧል።» ሁለተኛውን ሞከረ። ሦስተኛውን።

«ትናንት ነበር እኮ!» አሉ እትዬ።

«ዛሬ የለም፣ እትዬ።»

«እሱንም ቦምቡ መታው እንዴ?» አለ አንዱ ተማሪ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህሩ ሰዓቱን አየ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ካርዶቹን ያንብቡልን።»

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «ድምፅ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ። በዚያ ጠዋት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት የሸኘች እናት ትናገራለች።»

ሳቁ ቆመ። ፊት የተቀመጠች ልጅ እስክሪብቶዋን አነሳች። «እሺ፣ ምን አለች?»

እትዬ ካርዱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። ገጹ ላይ የተጻፈውን ነው የገለበጥኩት። የእኔ ኮምፒውተር ድምፅ የለውም።»

ልጅቱ አሁንም ትጠብቃለች። እትዬ ሁለተኛዋን ካርድ አነሱ፤ «ድምፅ፤ ስድስት ደቂቃ…» ብለው ጀመሩና ማንበቡን ተዉት።